ጀርባቸውን ሰጥተው ዋና ያስተማሩኝ ሰው

ጡረታ ስወጣ፣ በሸዋ ሮቢት ትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አነስተኛ ሽኝት ተደርጎልኝ ነበር። ርእሰ መምህሩ ባደረጉት ንግግር ሦስት ስሕተት አገኘሁ። አንደኛ፣ የአባቴን ስም አሳሳቱ። ሁለተኛ፣ «አንድም መጽሐፍ ጠፍቶባቸው አያውቅም» አሉ፤ አራት ጠፍተውብኛል፣ ዝርዝራቸው መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ሦስተኛውና የከነከነኝ ግን «ወደዚህ ከመምጣታቸው በፊት በምጽዋ የቢሮ ጸሐፊ ነበሩ» ያሉት ነው። እጄን አላወጣሁም። በራስ ሽኝት ላይ ተናጋሪ ማረም ደስ አይልም። ኬኩን በልቼ፣ በዚያ ሙቀት የተሰጠኝን ጋቢ ታቅፌ ቤቴ ገባሁና ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

የቢሮ ጸሐፊ አልነበርኩም። ሥራዬ ባሕር ውስጥ የሚጠልቁ ሰዎችን ገመድ መያዝ፣ ያዩትን መመዝገብና ሁሉም መመለሳቸውን ማረጋገጥ ነበር። በመጨረሻ ደግሞ እኔም ጠልቄያለሁ። ንግግሩ ውስጥ የጎደለው ይህ ነው።

ያደግኩት ቀወት ውስጥ ነው፣ ከከተማው በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ። እስከ አሥራ አራት ዓመቴ ሥራዬ ማሽላ መጠበቅ ነበር። ማማ ላይ ወጥቼ፣ ወንጭፌን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ የግሪሳ መንጋ ከየት በኩል እንደሚመጣ ሳይ እውላለሁ። ግሪሳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ወፉ አይደለም፤ ሰማዩ ላይ የምትታይ ትንሽ ብዥታ ናት። ብዥታዋን ያላየ ማሽላውን አያገኘውም። ሌላው ጊዜዬ የሚያልፈው በማሰብ ነበር፤ ማንበብ ስለማልችል።

አንደኛ ክፍል በገባሁበት ቀን ከአጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ወገቤ ድረስ ነበረች። መምህሩ ታላቅ እህቷ መስዬው፣ «በቃ አድርሰሻታል፣ ሂጂ እንግዲህ» አለኝ።

«እኔም ተማሪ ነኝ» አልኩት።

ሰባቱን ክፍል በአራት ዓመት ጨርሼ፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተና አልፌ፣ አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። የመጀመሪያ አለቃዬ አራት ነጥብ የጎደለበትን ደብዳቤ ከነፖስታው የሚመልሱ ሰው ነበሩ። ሌሎቹ ያማርሩባቸዋል፤ እኔ ግን በልቤ እወዳቸው ነበር። አንድ ቀን «ምጽዋ ላለው የባሕር ጥናት ጣቢያ መዝገብ ያዥ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ሲመጣ ቢሮው ሁሉ አንገቱን ደፋ። አለቃዬ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ።

«አስካለ፣ አንቺ የሸዋ ሮቢት ልጅ አይደለሽም?»

«ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ሙቀት ምን ያደርግሻል?»

እንዲህ ነው ወደ ባሕር የተላክሁት። የበረሃ አበል አለው ተባልኩ፤ ነበረውም፣ ብዙ አልነበረም። አውቶቡሱ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ቁልቁለቱን ተንደርድሮ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲቆም እናቴ መንገድ ዳር ጠበቀችኝ። በመስኮት ሙዝና የተጠበሰ በቆሎ አቀበለችኝና «ባሕሩ ስንት ወንዝ ያህላል?» ብላ ጠየቀችኝ። «አላውቅም» አልኳት። አላውቅም ማለት እወዳለሁ፤ በኋላ ለማረም አያስቸግርም።

ጣቢያው ሁለት ክፍል ቤት፣ አንድ መጋዘንና በኪራይ የምትሠራ አንዲት ሳንቡቅ ነበረው። ሳንቡቅ በእንጨት የተሠራች፣ ባለ ሸራና ባለ ሞተር የባሕር ጀልባ ናት። የጣቢያው ኃላፊ በውጭ አገር ተምረው የተመለሱ፣ ዓሣ እንጂ ሰው ብዙ የማያነጋግሩ ዶክተር ነበሩ። ጠላቂዎቹ አራት ሲሆኑ አለቃቸው ጋሼ ሰይድ ይባላሉ፤ ቀጭን፣ አጭር፣ ጢማቸው በጨው የነጣ የሚመስል ሰው።

«የየት አገር ልጅ ነሽ?» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን።

«የሸዋ ሮቢት፣ ቀወት።»

«ወላሂ! እኔ ከአርጎባ መንደር ነኝ፣ ከናንተ በላይ ካለው ተዳፋት። የናንተ ሰዎች ወፍ ሲያባርሩ ጩኸታቸው እንቅልፍ ነስቶን ነበር እኮ!»

«የናንተ ፍየሎች ደግሞ ማሽላችንን ጨርሰውታል» አልኳቸው። በማግሥቱ ስለ አፌ አዘንኩ። እሳቸው ግን ያን ቀን ለጠላቂዎቹ ሁሉ «የአገሬ ልጅ መጣች፣ ከእንግዲህ ወዮላችሁ!» እያሉ ሲስቁ ነበር።

በልጅነታቸው ነጋዴ ተከትለው ወደ ባሕሩ የወረዱ ናቸው። መጀመሪያ ትንፋሻቸውን ይዘው ዛጎል ከሚያወጡ ሰዎች ጋር ጠለቁ፤ በኋላ አየር በብረት ሲሊንደር ታሽጎ በጀርባ የሚታዘልበት ሥራ ሲመጣ እሱንም ተማሩ። የእሳቸውን አሠራር ልዘርዝረው፤ እኔ ያየሁት ትልቁ ትምህርት ቤት ያ ነው።

አየር ያሸቱ ነበር። አየር የሚሞላውን ሞተር ከማስነሳታቸው በፊት ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ በእርጥብ ጣት ይለኩና፣ የአየሩን መሳቢያ አፍ ከሞተሩ ጭስ በላይ፣ ከነፋሱ ፊት ያዞሩታል። ሲሊንደሩ ሲሞላ ቧንቧውን ከፈት አድርገው አንድ ጊዜ በአፍንጫ፣ አንድ ጊዜ በምላስ ይፈትኑታል። የቅባት ጠረን ካለው ሙሉውን ያስተነፍሱታል፤ ማንም ቢቆጣ አይሰሙም። ከመጥለቅ በፊት አይቀልዱም። ከጠለቁ በኋላ ቀልድ ብቻ ነው። ደግሞም ጠላቂ ጀልባው ላይ ስለወጣ «ተመልሷል» ተብሎ እንዲጻፍ አይፈቅዱም፤ አንድ ኩባያ ውኃ ጠጥቶ ኩባያውን በራሱ እጅ ሲመልስ ነው ተመለሰ የሚባለው።

ከሁሉም በላይ ግን ገመድ ያነቡ ነበር። የጠላቂው ወገብ ላይ የታሰረውን ገመድ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ያሳልፉትና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «ዓይን ይዋሻል፣ በተለይ ውኃ ላይ» ይሉ ነበር። «አሁን ቆመ። አሁን ዞረ። አሁን ደግሞ አንድ ነገር አየና ደነገጠ፣ ዓሣ ይሆናል።» ምልክቶቹ ጥቂት ናቸው። አንድ ስበት «ደኅና ነህ?» ነው፣ መልሱም አንድ ስበት። ሁለት ገመድ ልቀቁልኝ። ሦስት እየወጣሁ ነው። አራት ሳቡኝ። ሁለት ጊዜ ተጠይቆ ያልመለሰ ሰው ምክንያት አይጠየቅለትም፤ ይሳባል።

እኔ ገመዱን በግራ እጄ፣ እርሳሱን በቀኝ እጄ ይዤ ከላይ የአየር አረፋውን እከታተላለሁ። ባሕሩ ሲያብረቀርቅ አረፋ ማየት ለሌላው ያስቸግር ነበር። እኔ ግን ብዥታ ስፈልግ ያደግኩ ነኝ። ጋሼ ሰይድ በሁለተኛው ሳምንት ከአጠገቤ ተቀምጠው ዝም ብለው አዩኝና፣ «ማሻአላህ፣ ይቺ ልጅ ውኃ ላይ ግሪሳ ትጠብቃለች» አሉ። ከዚያ በኋላ ሰዓት ይዘው አልተቆጣጠሩኝም።

ከጠላቂዎቹ ጋር ጦርነቴ ሲወጡ ነው የሚጀምረው። በተለይ ከተፈራ ጋር። ተፈራ ከጣርማ በር ማዶ የመጣ ረጅም ደገኛ ነበር፤ «ዋና የት ተማርክ?» ሲሉት «ገብስ ማሳ ውስጥ» የሚል።

«ምን አየህ?»

«ዓሣ።»

«ስንት?»

«ብዙ።»

«ብዙ ቁጥር አይደለም።»

«እመት መዝገብ፣ ልብሴን ልቀይር?»

«ቀለማቸውን ንገረኝና ቀይር።»

«ቆንጆ።»

«ቆንጆም ቀለም አይደለም!»

እየተሳሳቅን፣ እየተነታረክን ለዓሦቹ የአማርኛ ስም አወጣንላቸው። ቢጫውንና ጠፍጣፋውን «ሜዳልያ» አልነው። ወገቡ ላይ ጥቁር መስመር ያለውን «ባለመቀነት»። አንድ ሰማያዊና አረንጓዴ፣ ጥርሱ እንደ በቀቀን ምንቃር የገጠመ ዓሣ ነበር፤ ኮራሉን፣ ማለትም ባሕር ውስጥ እንደ ቁጥቋጦ የሚያድገውን ድንጋይ፣ እየገመጠ ይበላል። እሱን «ድንጋይ ቆርጣሚ» አልነው። ተፈራ ታዲያ «ሲቆረጥም ይሰማል» አለኝ።

«ውኃ ውስጥ?»

«አዎ። ልክ ቆሎ እንደሚበላ ሰው።»

አልጻፍኩትም። ጋሼ ሰይድን ጠየቅኳቸው፤ «ይሰማል» አሉ። ያኔ ጻፍኩትና ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አደረግሁበት። በዓመቱ መጨረሻ መዝገቤ ውስጥ አሥራ ሰባት የጥያቄ ምልክት ነበረ። ሁሉም ሰው ያየውንና የሰማውን፣ እኔ ብቻ ያላየሁትንና ያልሰማሁትን የያዘ መዝገብ ነው። በየምሽቱ ስገልጸው የሌላ ሰው ደብዳቤ እንደማነብ ያህል ይሰማኝ ጀመር። ለማንም አልተናገርኩም፤ ግን እዚያ ጣቢያ ሳለሁ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ እንኳ፣ ወርጄ ካላየሁ የሠራሁት ሁሉ ግማሽ እንደሚሆንብኝ አወቅሁ።

ትልቁ የሥራ ቦታችን ከደሴቶቹ ሁሉ አልፎ፣ ከጣቢያው የአንድ ቀን ተኩል ጉዞ ያለ ጥቁር አለት ነበር። ሦስት ቤት ቢገጣጠም ያህላል። አናቱ በወፍ ኩስ ነጥቷል፤ ዛፍ የለው፣ ጥላ የለው፣ ጀልባ የሚጠጋበት የለው። «የወፍ ድንጋይ» እንለው ነበር። ከላይ ሲታይ ምንም አይደለም። ከሥሩ ግን ግድግዳ ሆኖ ቁልቁል ይወርዳል፤ ጠላቂዎቹ ከዚያ ሲመለሱ ሳልጠይቃቸው ያዩትን ይነግሩኝ ነበር፣ ተፈራ እንኳ።

ስሕተቴን የሠራሁት እዚያ ነው።

የሁዳዴ ዓርብ ነበር። ከመጥለቅ በፊት እያንዳንዱን ጠላቂ የምጠይቀውና የምጽፈው ጥያቄ ነበረኝ፤ አንደኛው «በልተሃል?» ነው። ባዶ ሆድ፣ በዚያ ሙቀት ውኃ ያልጠጣ ሰው አይጠልቅም። ተፈራ ጠዋት የድርሻውን ዳቦ ለጀልባው ሰዎች ሲሰጥ አይቼዋለሁ። እኔም ጾመኛ ነበርኩ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አልቀምስም። ሰዓቱ ሰባት ነው።

«በልተሃል?»

«በልቻለሁ» አለኝ፤ ዓይኖቼንም አላየኝም።

በእኛ ዘንድ የሰው ጾም አይገለጥም። «እየጾምክ ነው» ብሎ በሰው ፊት መናገር ጾሙን መንጠቅ ነው፤ ባለቤቱም ከተናገረ ውዳሴ ከንቱ ይሆንበታል። ስለዚህ በዚያ በምኮራበት የእጅ ጽሑፌ «በልቷል» ብዬ ጻፍኩ።

ወረደ። ለአሥር ደቂቃ ያህል ገመዱ ደኅና ነበር። ከዚያ እንደ ሰከረ ሰው ወዲያና ወዲህ ይል ጀመር። አንድ ጊዜ ሳብኩ፤ መልስ የለም። ደገምኩ፤ የለም። ገመዱን መሳብ ጀምሬ «ጋሼ ሰይድ!» ብዬ ስጮህ እሳቸው ቀድሞውኑ መነጽራቸውን አጥልቀው ነበር። አልፈውኝ ገመዱን ተከትለው ወረዱ። ተፈራ ራሱን አዙሮት ከቆመበት የድንጋይ ደፍ ተንሸራቶ ቁልቁል ሄዷል፤ ጆሮውን ለጥልቀቱ ሳያዘጋጅ። ሲያወጡት በሕይወት ነበር። ከግራ ጆሮው ደም ይወርድ ነበር። ያ ጆሮ ከዚያ ቀን በኋላ አልሰማም፤ ሐኪሙም ዳግመኛ እንዳይጠልቅ ከለከለው።

ጋሼ ሰይድ አልጮኹብኝም። ተፈራ ተሸፍኖ ከተኛ በኋላ መዝገቡን አምጪው አሉኝና ጣታቸውን አንዲቷ ቃል ላይ አደረጉ።

«ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

መዝገቡን ዘጉት። «አስካለ፣ ረመዳን ሲገባ መዝገቡ ላይ ‹ሰይድ ጾመኛ ነው፣ አይጠልቅም› ብለሽ እንድትጽፊ የማዝሽ ሰው እንዲያይልኝ ይመስልሻል? አላህ ሳትጽፊውም ያውቃል። የማያውቀው ገመዱን የያዘው ሰው ነው።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ምጽዋ ስንመለስ ተፈራን ልጠይቅ ሄድኩ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዋሽቻለሁ» አለኝ።

«አንተ በአፍህ ዋሸህ፤ እኔ በጽሑፍ» አልኩት። ወዲያው መሳቅ ጀመረና ጆሮው ስላመመው አቆመ።

ሥራዬን ልለቅ ደብዳቤ ጽፌ ነበር። ጋሼ ሰይድ አነበቡት፣ አራት ነጥቡ ትክክል መሆኑን አረጋገጡልኝና አጥፈው መለሱልኝ። «መልቀቅ ቀላል ነው። ይልቅ አስተካክዪው» አሉኝ። አስተካከልኩት። አንድ ትልቅ ካርቶን ላይ የዓመቱን ቀናት ሁሉ ጻፍኩ፤ ጾሞቹን በሁለት ቀለም። ሁዳዴ፣ ፍልሰታ፣ ረቡዕና ዓርብ ሙስሊሞቹ ይጠልቃሉ፣ ክርስቲያኖቹ ገመድ ይይዛሉ። ረመዳን ሲገባ ይገለበጣል። ሁለቱ ከተገናኙ ማንም አይጠልቅም፣ መሣሪያ እንጠግናለን። ማንንም «ትጾማለህ?» ብሎ መጠየቅ ቀረ፤ ካርቶኑ ሁሉንም ጠይቆ ጨርሷል። ጠላቂዎቹ ወደዱት። ተፈራ ራሱ፣ አሁን የመጋዘን ሹም ሆኖ፣ «ዓሦቹም ተምረዋል፤ ዓርብ ሲሆን ማን እንደሚመጣባቸው ያውቃሉ» ይል ነበር። «በልተሃል?» የሚለውንም ሰርዤ «ስንት ሰዓት ላይ? ምን?» ብዬ ተካሁት። እንዲህ ሲጠየቅ መዋሸት ይከብዳል።

ያን ካርቶን በሰቀልኩ በወሩ ድፍረት አገኘሁና ለጋሼ ሰይድ የልቤን ነገርኳቸው።

«መጥለቅ እፈልጋለሁ።»

«ዋና ትችያለሽ?»

«አልችልም።»

«ታዲያ ድንጋይ ሆነሽ ነው የምትወርጂው?» አሉና ሳቁ። ከዚያ ግን ሳቃቸውን አቆሙ። «በጥቅምት ሁለታችንም አገር ቤት ፈቃድ አለን። ወንዙ ያኔ ጠርቷል። ዘይነባን ይዤ እመጣለሁ።»

ዘይነባ ባለቤታቸው ናቸው። ክረምቱ አልፎ፣ ሮቢ ወንዝ ጎርፉን ጨርሶ፣ ከመታጠፊያው ሥር ደረት የሚደርስ ጥሩ ኩሬ ትቶ ነበር። ማሽላው ስለደረሰ ማማዎቹ ሁሉ በሰው ተሞልተዋል። የወንድሜን ሱሪ በቀሚሴ ሥር አድርጌ፣ ራሴን በሻሽ አስሬ መጣሁ። እትዬ ዘይነባ ከነልብሳቸው ወገባቸው ድረስ ገብተው ቆመዋል፤ ዋና አይችሉም፣ የቆሙት እንዳልፈራ ነው። ጋሼ ሰይድ ገመዱን ወገቤ ላይ በባለቤታቸው እጅ አሳሰሩ። ከዚያ ወደ ዳር ወጥተው አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ጀርባቸውን ሰጡን። ሰው ሚስቱ ያልሆነችውን ሴት በእርጥብ ልብስ አያይም። ገመዱን በትከሻቸው ላይ አሳልፈው በሁለት ጣት ያዙት። በዘጠኙም ቀን አንድ ጊዜ እንኳ አልዞሩም።

«እጅሽ እየመታ ነው፣ እየቀዘፈ አይደለም» ይላሉ ወደ ማሽላው እያዩ። «እግርሽ ሰነፈ።» «አሁን ፈራሽ፤ ምን አስፈራሽ?»

«ሰመጠች! ሰይድ፣ ሰመጠች!» ይጮኻሉ እትዬ ዘይነባ።

«አልሰመጠችም። ገመዱን ይዤዋለሁ። ውኃ ጠጣች እንጂ።»

ልብስ ሊያጥቡ የወረዱ ሴቶች ከማዶ ተሰበሰቡ። እትዬ በለጡ የሚባሉ የመንደራችን ሰው ልብሳቸውን ትተው ወገባቸውን ያዙ።

«ሰይድ! ምን ይዘህ ነው? አምባዛ ነው?»

«ገና አልለየሁም፣ እትዬ በለጡ! ሲወጣ እናያለን!»

«ኧረ አስካለ ናት! ልጄን! ምን ሆና ነው? ለጠበል ከሆነ ጠበሉ ማዶ ነው!»

«ሥራዬ ነው፣ እትዬ» አልኩ፣ ውኃ እየተፋሁ።

«መንግሥት ሰው ለማስመጥ ደመወዝ ይከፍላል እንዴ?»

ማማ ላይ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ያን ቀን ግሪሳ ብዙ ማሽላ ሳይበላ አልቀረም። እኔም አፍሬ እንደሆነ አላውቅም፤ ስስቅ ግን ሰውነቴ ቀለለኝና ለመጀመሪያ ጊዜ ውኃው ተሸከመኝ።

በዘጠነኛው ቀን ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ሄድኩ። ጋሼ ሰይድ ጣታቸው መካከል ያለውን ገመድ ወደ ላይና ወደ ታች አሉት። «ዘይነባ፣ ገመዱ ዛሬ ምንም አይናገርም። ወይ ሞታለች፣ ወይ ዋኝታለች።»

«ዋኝታለች!» አሉ እትዬ ዘይነባ እያጨበጨቡ። ከማዶ እልልታ ተሰማ። ጋሼ ሰይድ ያኔም አልዞሩም፤ ትከሻቸው ግን ሲስቁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቀሪው ትምህርት ምጽዋ ላይ ወራት ፈጀብኝ። ወደብ ዳር፣ ጥልቀቱ ከሰው ቁመት በማይበልጥ ውኃ ውስጥ፣ መነጽር ውስጥ የገባን ውኃ በአፍንጫ ማስወጣት፣ በየሜትሩ ጆሮን መክፈት፣ የአፍ መተንፈሻውን አውልቆ መልሶ መጉረስ፣ ትንፋሽን ፈጽሞ አለመያዝ። ጋሼ ሰይድ መቶ ጊዜ አስደገሙኝ፤ አንድ ጊዜም አላማረርኩ፣ እኔ ብሆንም እንዲሁ ነበር የማደርገው። ዶክተሩ ግን አልተዋጠላቸውም።

«እሷ ከወረደች መዝገቡን ማን ይይዛል? ገመዱንስ?»

እውነታቸውን ነው። የወፍ ድንጋይ ጉዞ ደርሷል፤ ከዚያ በኋላ የሳንቡቋ ኪራይ ያበቃል፣ ሌላ ጉዞ መኖሩም አይታወቅም።

«እኔ እይዛለሁ» አለ ተፈራ ከመጋዘኑ በር ላይ።

ዶክተሩ ወደ ጆሮው አዩ። ተፈራም ገባው። «ገመድ በእጅ ነው የሚሰማው፣ ዶክተር» አላቸው።

አለቱ ጋ የደረስነው ባሕሩ እንደ ብርጭቆ በረጋበት ጠዋት ነው። ሲሊንደሩን አዝዬ፣ ከሳንቡቋ ጫፍ ስቀመጥ ተፈራ መዝገቡን ገልጦ ከፊቴ ቆመ። ፈገግ አላለም።

«ስንት ሰዓት ላይ በላሽ?»

«አንድ ሰዓት ተኩል።»

«ምን?»

«ዳቦና ሁለት ሙዝ።»

«ውኃ?»

«ሁለት ኩባያ።»

«እውነት?»

«እውነት፣ ተፈራ።»

ጻፈው። የእጅ ጽሑፉ አስቀያሚ ነው። ከተቀመጥኩበት ተገልብጦ እንደታየኝ አነበብኩት፤ ስሕተት የለበትም። ከዚያ ወገቤ ላይ ያለውን ቋጠሮ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ፈተሸው።

«ቢስሚላህ» አሉ ጋሼ ሰይድና ገቡ። እኔም አማትቤ ተከተልኳቸው።

ስወርድ መጀመሪያ ያስገረመኝ ብርሃኑ ነው፤ ጨለማ ጠብቄ ነበር። ጋሼ ሰይድ ከፊቴ ሆነው ፊት ለፊት ያዩኛል፤ እዚያ ሕጉ ይህ ነው፣ ጠላቂ ከጠላቂ ዓይኑን አይነቅልም። ገመዱ አንድ ጊዜ ተሳበ፤ አንድ ጊዜ መለስኩ። የተፈራ እጅ መሆኑ ታወቀኝ፣ ደገኛ ሲስብ ጠንከር ያደርገዋል። ግድግዳው በግራዬ ተዘረጋ። ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ የጤፍ አረንጓዴ፣ የበርበሬ ቀይ፤ እንደ ጎመን የተከፈተ፣ እንደ አጋዘን ቀንድ ቅርንጫፍ ያወጣ። ሜዳልያዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ያልፋሉ። ባለመቀነቶቹን ቆጠርኩ፤ ሃያ ሦስት። ለመጻፊያ የያዝኩት ሰሌዳ ላይ «23» ብዬ ጻፍኩ። ዓይኔ ግን ከግድግዳው ስላልተነሳ ሦስቱ ስምንት መስሏል።

ከዚያ ሰማሁት። ኩርሽም፣ ኩርሽም። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከሁሉም አቅጣጫ። አንድ ሰማያዊና አረንጓዴ ዓሣ ከእኔ አንድ ክንድ ርቀት ላይ አለቱን በጥርሱ ይገምጣል፤ ከበስተኋላውም እንደ ዱቄት ያለ አሸዋ ይበትናል። ሌላው ተቀላቀለው። መንደር ሙሉ ሰው በአንድ ላይ ቆሎ የሚቆረጥም ይመስላል። ሳቅሁ። ውኃ ውስጥ መሳቅ ክልክል ነው፤ መነጽሬ ሞላ፣ እንደተማርኩት አስወጣሁት፣ ደግሞ ሳቅሁ። ጋሼ ሰይድ በምልክት «ምነው?» አሉኝ። ወደ ጆሮዬ ጠቆምኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በመነጽሩ ውስጥ ዓይናቸው ጠበበ፣ እሳቸውም ይስቁ ነበር።

ሃያ ሁለት ደቂቃ ቆየሁ። ጀልባው ላይ ስወጣ ውኃዬን ጠጥቼ ኩባያውን በራሴ እጅ ለተፈራ መለስኩለት።

«ተመልሳለች» ብሎ ጻፈ።

«አሁን ልመለስ» አልኩ።

«የት?» አሉ ጋሼ ሰይድ ጢማቸውን እየጨመቁ።

«ወደ ታች። አሥራ ስድስት የጥያቄ ምልክት ይቀረኛል።»

«ሰንጠረዡ ምን ይላል?»

የዕረፍቱን ሰንጠረዥ ከመጽሐፍ ወደ መዝገቡ የገለበጥኩት እኔ ነኝ፤ ከአንዱ መጥለቅ እስከ ሌላው ሁለት ሰዓት ይላል። ተከራካሪም የለኝ። ሸራው በሚጥላት ትንሽ ጥላ ሥር፣ ልብሴ እየደረቀ፣ ተፈራ ተምርና ዳቦ እያቀረበልኝ፣ ጋሼ ሰይድ ደግሞ እትዬ በለጡን እያስመሰሉ ሁሉንም እያሳቁ ተቀመጥኩ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ነገር ጠብቄያለሁ፤ ደብዳቤ፣ ዕድገት፣ ዝውውር፣ ተማሪ የወሰደውን መጽሐፍ እንዲመልስ። እንደዚያ ሁለት ሰዓት ግን የጣፈጠኝ ጥበቃ አላውቅም። ተፈራ በየአሥር ደቂቃው ሰዓቱን ያነብልኛል፣ እኔም በየአምስቱ እጠይቀዋለሁ። ሁለት ሰዓቱ ሞልቶ ተፈራ ሲጠራኝ መነጽሬን አጥልቄ፣ እግሮቼን ውኃ ውስጥ ዘርግቼ ከጫፉ ላይ ተቀምጬ ተገኘሁ፤ እዚያ ከተቀመጥኩ ስድስት ደቂቃ አልፎኝ ነበር።